ካሜራው ከመምጣቱ በፊት፦ ለእሑድ አገልግሎትና ለኢንተርኔት ስርጭት ሰው ስለ መመደብ

ጥያቄ፦ «በምሥራቅ ጎጃም በአንድ አነስተኛ ከተማ የሚገኝ ደብር የሰንበት ትምህርት ቤት አስተባባሪ ነኝ። ንቁ አባሎቻችን 23 ናቸው። አዲስ አበባና አሜሪካ የሚኖሩ የደብሩ ተወላጆች የእሑዱን አገልግሎት ከቅዳሴው እስከ ስብከቱ በቀጥታ እንድናስተላልፍላቸው ጠይቀውናል፤ ካሜራም ገዝተው ሊልኩልን ተዘጋጅተዋል። የደብሩ አስተዳዳሪ ቢፈቅዱም ‹ደጅ ላይ ያለው ሕዝብ እንዳይበደል› ብለው አስጠንቅቀውናል። ለግቢው አገልግሎትም ለኢንተርኔቱም ስንት በጎ ፈቃደኛ ያስፈልገናል? ማንንስ በምን ላይ እንመድብ?»

ምላሽ፦ የሰው ቁጥሩ የሚወሰነው በምታስተላልፉት ነገር ስለሆነ፣ ከምደባው በፊት በጥያቄው ውስጥ የተቀላቀሉ ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። ቅዳሴና ትምህርተ ወንጌል በአንድ ጠዋት በአንድ ግቢ ተከታትለው ስለሚፈጸሙ፣ ከሩቅ ለሚያየው ሰው አንድ ወጥ መርሐ ግብር ይመስላሉ፤ አይደሉም። ቅዳሴ ምእመኑ በአካል ቆሞ፣ ተሰጥኦውን እየመለሰ የሚሳተፍበትና በቅዱስ ቁርባን የሚፈጸም ምሥጢር ነው። በስልክ የሚከታተለው ሰው ዜማውን ሊሰማና ልቡ ሊነካ ይችላል፤ አስቀደሰ ግን አይባልም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ምእመናን በቤታቸው ሆነው ጸሎቱን በቴሌቪዥን እንዲከታተሉ መደረጉ ብዙዎችን ያደናገረ ይመስለኛል። ያ ለችግር ጊዜ የተፈቀደ ነገር እንጂ አዲስ ሥርዓት አልነበረም። ትምህርተ ወንጌል ግን ቃል ነው፤ ቃል ደግሞ ተቀድቶም፣ ተጽፎም፣ በሬዲዮም ቢደርስ ያስተምራል። እንግዲህ የእኔ ምላሽ በሙሉ የሚቆመው ስብከቱንና የሰንበት ትምህርት ቤቱን መዝሙር በማስተላለፍ ላይ ነው፤ ቅዳሴውን ተዉት።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ስሕተት አለ። በቅዳሴ ቢያንስ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት፣ በድምሩ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ይህ በክህነት የሚሠራ እንጂ በጎ ፈቃደኛ ተፈልጎ የሚሞላ ክፍት ቦታ አይደለም። ይህን የምለው ስለማታውቁት ሳይሆን፣ ከ23ቱ አባሎቻችሁ መካከል ዲያቆናት ካሉ በስሌቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ እንዳትቆጥሯቸው ነው። ተረኛ የሆነ ዲያቆን ልብሰ ተክህኖውን አውልቆ እየሮጠ ድምፅ ማስተካከያው (ሚክሰሩ) ላይ እንዲቀመጥ የሚያደርግ ምደባ ሁለቱንም ሥራ ያበላሻል። ዲያቆናቱን መጀመሪያውኑ ከዝርዝሩ አውጧቸው፤ ቢገኙ እሰየው፣ ባይገኙ የሚጓደል ነገር አይኑር።

ቀጥታ ስርጭቱ ለማን እንደሚደርስም አስሉ። ስብከቱ እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ይጀምራል ብንል፣ ዋሽንግተን አካባቢ ላለው የደብሩ ልጅ ያ ሰዓት እንደ ወራቱ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ወይም 8 ሰዓት ተኩል ነው። አዲስ አበባ ያለው ደግሞ በዚያው ሰዓት በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን መገኘት ይገባዋል፤ ስልኩ ላይ ካስቀመጣችሁት ከደብሩ ነጠቃችሁት ማለት ነው። ጠያቂዎቻችሁ «በቀጥታ» ቢሉም የናፈቃቸው ያደጉበት ደብር ድምፅ ይመስለኛል፤ ድምፁ ደግሞ ጠዋት ተቀድቶ ማታ ቢላክላቸው ምንም አይጎድልበትም። ተኝቶ ለሚያድር ሰው በቀጥታ ለማስተላለፍ ሦስት ወጣት ከጸሎት ማስቀረት ትርፉ አይታየኝም።

አሁን ወደ ምደባው። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች በር ላይ ይቆማሉ፤ አራት ይሁኑ፣ ሁለቱ በወንዶች በኩል፣ ሁለቱ በሴቶች በኩል። ሥራቸው ሰው መግፋትና ዝም ማሰኘት ብቻ ይመስላቸዋልና ይህን አስቀድማችሁ አርሙ። አረጋውያን የሚቀመጡበትን ቦታ መያዝ፣ ዓይነ ስውሩን እጁን ይዞ ማስገባት፣ ሕፃን ያቀፈች እናት ለመቁረብ ስትወጣ መንገድ ማስለቀቅ፣ ሰው ቢወድቅ ወዴትና በማን እንደሚወሰድ ማወቅ፣ ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ የሚጠይቀው ቢያጣ ቀርቦ ማነጋገር፤ ይህ ሁሉ የእነሱ ነው። ለዚህ ቦታ ጉልበተኛውን ሳይሆን ታጋሹን ምረጡ። አስተዳዳሪው የፈሩት የሕዝብ በደል የሚጀምረው ከዚሁ በር ነው፤ ስርጭት በጀመሩ ደብሮች ሁሉ መጀመሪያ ሲሳሳ ያየሁት የበሩ አገልግሎት ነው፤ ምክንያቱም ንቁ የሆኑት ወጣቶች ወደ ካሜራው ይሳባሉ።

ስብከቱ በሚሰጥበት ሰዓት ሕፃናትን ለይታችሁ የምታስተምሩ ከሆነ ሁለት ሰው መድቡ፤ አንድ ሰው ብቻውን ከልጆች ጋር በተዘጋ ክፍል እንዲቀር አታድርጉ፤ ይህ ሁለተኛው ሰው ቢታመም የሚቀር ደንብ መሆን የለበትም። አንዱ ከቀረ ልጆቹ ወደ ወላጆቻቸው ይመለሱ። ከእነዚህ ሌላ መርሐ ግብሩን የሚመራ አንድ ሰው ያስፈልጋል። ዋና ሥራው ሰዓት መጠበቅ ነው። ማስታወቂያው ከስብከቱ የሚረዝምበት እሑድ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን።

የድምፁን ሥራ ሰፋ አድርጌ የማየው ከሌላው ሁሉ የበለጠ የሚናቀውና የበለጠ የሚጎዳው እርሱ ስለሆነ ነው። ብዙ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ሞንታርቦውን የሚያበራውን ሰው የድምፅ ኃላፊ ይሉታል፤ ማብራት ግን ማዳመጥ አይደለም። የድምፅ ሰው የሚቀመጠው ከሞንታርቦው ጀርባ ሳይሆን ሕዝቡ በተቀመጠበት በኩል ነው፤ የሚያስተካክለውም ሕዝቡ የሚሰማውን ነው። ማይኩ ከሞንታርቦው ፊት ከዋለ ያፏጫል፤ መፍትሔው ድምፁን መቀነስ ብቻ ሳይሆን ሞንታርቦውን ከዐውደ ምሕረቱ ፊት ለፊት አሳልፎ ወደ ሕዝቡ ማዞር ነው። ሰባኪው ማይኩን ከአፉ አንድ ስንዝር ያህል ይያዘው፤ ሲርቅ ቃሉ ይጠፋል፣ ሲጠጋ ትንፋሹ ይመታል። ከበሮው በማይክ አጠገብ ሲመታ ድምፁ ይቀደዳልና መዘምራኑ ማይኩን ወደ ዘማሪዎቹ እንጂ ወደ ከበሮው እንዳያዞሩ በልምምድ ሰዓት ተነጋገሩ። በክረምት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዝናብ ሲወርድ ደግሞ የትኛውም ማይክ አያሸንፈውም፤ ዝናቡ እስኪያባራ መዝሙር አስቀድሞ ስብከቱን ማቆየት ከመርሐ ግብር መሪው ጋር የሚወሰን ነገር ነው።

በጎጃም ይህ ይበልጥ ይከብዳል። የዋሸራና የጎንጅ የቅኔ ቤቶች ባሉበት አገር በበዓል ቀን ቅኔ ሲዘረፍ አንዲት ቃል ከጠፋች ወርቁ ከሰሙ ጋር አብሮ ይጠፋል፤ የሚያዳምጠው ሽማግሌም ሥዕሉ ቢደበዝዝ ግድ ላይሰጠው ይችላል፣ ቃሉን የዋጠበትን ሰው ግን አይምረውም። ለድምፅ ሥራ የምትመድቡት ስልክ የሚነካካውን ልጅ ሳይሆን ጆሮ ያለውን፣ ምናልባትም ከመዘምራኑ አንዱን ይሁን። ስልኩን በአንድ ወር ይለምደዋል፤ ጆሮ ግን በወር አይገኝም።

እስካሁን በር ላይ አራት፣ ከሕፃናት ጋር ሁለት፣ መርሐ ግብር መሪ አንድ፣ ድምፅ አንድ፣ በድምሩ ስምንት ሰው ሆነ። ሙሉ ቀጥታ ስርጭት በዚህ ላይ ሦስት ሰው ይጨምራል። አንደኛው ካሜራውን ይይዛል። ሁለተኛው ከግቢው ራቅ ብሎ በሌላ ስልክ ስርጭቱን ይከታተላል፤ ድምፁ ቢጠፋ የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነውና ይህ ሰው የሌለበት ስርጭት ለግማሽ ሰዓት ያለ ድምፅ ሊሄድ ይችላል። ሦስተኛው የሚጻፉትን ጥያቄዎች ይሰበስባል፣ የማይገባውን ይሰርዛል፤ በተለይም በደብሩ ስም የግል የባንክ ሒሳብ ቁጥር የሚለጥፉ አታላዮችን ወዲያው ያጠፋል። በቀጥታ ስርጭት ድምፁና ምስሉ ለተመልካቹ የሚደርሰው በሰከንዶች፣ አንዳንዴም ከግማሽ ደቂቃ ባላነሰ መዘግየት ስለሆነ፣ ጥያቄ የሚሰበስበው ሰው መምህሩን በየመሐሉ ማቋረጥ የለበትም፤ ጥያቄዎቹን ጽፎ በመጨረሻ ይስጥ።

ስምንቱና ሦስቱ ሲደመሩ 11 ይሆናሉ፤ በሁለት ተራ ሲመደቡ 22፣ ከአንድ አጠቃላይ አስተባባሪ ጋር 23። ከአባሎቻችሁ ቁጥር ጋር አንድም ሳይተርፍ መግጠሙ ሊያስደስታችሁ ይችል ይሆናል፤ እኔን ግን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጤፍ ሲታጨድ ስንቱ ይቀራል? 12ኛ ክፍል የጨረሱት ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲሄዱስ? በጥር የሠርግ እሑዶች? አንድ ሰው ሲቀር የሚተካው ከሌለ አስተባባሪው ካሜራም ድምፅም በርም ይዞ ይውላል፤ በሦስተኛው ወር ይሰለችና እርሱም ይቀራል። የበጎ ፈቃድ አገልግሎት አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርሰው በሰው እጥረት ሳይሆን ያለውን ሰው እስከ መጨረሻው አሟጦ በመመደብ ነው።

ስለዚህ የምመክራችሁ ይህን ነው፦ ከስምንቱ ጋር አንድ ቀጂ ብቻ ጨምራችሁ ዘጠኝ አድርጉት። በሁለት ተራ 18፣ ከአስተባባሪው ጋር 19 ይሆናል፤ አራት ሰው በተጠባባቂነት ይቀራል። ተራውን ለማዘጋጀት ከሩቅ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልጋችሁም፤ ካህናቱ በሰሙነኝነት የሚፈራረቁበትን ሥርዓት ተመልከቱ። ሰሙነኛው ማን እንደሆነ ደብሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሳምንቱ ሲያልቅ ያስረክባል፤ እክል ቢገጥመው ተተኪውን ራሱ ይለምናል እንጂ ዝም ብሎ አይቀርም። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። በጎ ፈቃደኛ ማለት ደመወዝ የማይቀበል ማለት ነው፤ ሲመቸው የሚመጣ ማለት አይደለም፤ ይህ ልዩነት በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ካልተነገረ በኋላ መናገሩ ቅያሜ ይሆናል። የማትሻገሩት አንድ ደንብ ደግሞ ይኑራችሁ፦ ተራው ያልሆነ አገልጋይ በዚያ እሑድ ምንም ሥራ አይሰጠው፣ ቆሞ ያስቀድስ። ለዓመት ያህል በየእሑዱ የካሜራ መስኮት ሲመለከት ቅዳሴ ያለፈው ወጣት ከቤተ ክርስቲያን ሳይርቅ ከጸሎት የራቀ ነው፤ እንዲህ ያሉትን አይቻለሁ፤ ሲመልሷቸው ቀላል አይደለም።

የቀጂው ሥራ እጅግ ቀላል መሣሪያ የሚበቃው ነው። በልብስ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክ በሰባኪው ደረት ላይ ይደረጋል፤ ገመዱ በሰባኪው ኪስ ካለ ስልክ ጋር ይያያዛል፤ ስልኩ መሐል ላይ እንዳይጠራ ከኔትወርክ ውጭ ሆኖ ይቀዳል። መብራት ቢጠፋና ሞንታርቦው ቢዘጋም ቅጂው አይቋረጥም፤ ዋናው ጥቅሙ ይህ ነው። ብዙዎች ከሚክሰር ወደ ስልክ ገመድ ለመዘርጋት ይሞክራሉ፤ ከሚክሰር የሚወጣው ድምፅ ለስልክ ማይክ መሰኪያ እጅግ ኃይለኛ ስለሆነ ኃይሉን የሚቀንስ ማገናኛ በመሐል ካልገባ ድምፁ ይቀደዳል። ቀጂው ከአገልግሎቱ በኋላ መጀመሪያና መጨረሻውን ይቆርጣል፣ ፋይሉን በቀኑና በበዓሉ ስም ይሰይማል፣ ኔትወርክ በሚሻልበት ሰዓት በደብሩ የቴሌግራም ቻናል ይልካል።

የመጠኑን ልዩነት በቁጥር እዩት። ለንግግር በሚበቃ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ጥራት የተቀዳ የአንድ ሰዓት ስብከት 29 ሜጋባይት ያህል ነው። ያው አንድ ሰዓት በሰከንድ 2 ሜጋቢት በቪዲዮ በቀጥታ ሲተላለፍ 900 ሜጋባይት ይበላል፤ ቅዳሴውን ጨምራችሁ ሦስት ሰዓት ብታስተላልፉ 2.7 ጊጋባይት። የሚከፍለው ማነው? የእናንተ ብቻ ሳይሆን የሚያየውም ሰው ካርድ ነው። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ መቆየቱን ደግሞ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። የተቀዳ ስብከት ኔትወርክ እስኪመለስ ይጠብቃል፣ በሚሞሪ ካርድም ይጓዛል፤ ቀጥታ ስርጭት ግን መስመሩ በተቋረጠበት ቅጽበት የለም።

ከአሁኑ መወሰን ያለባቸው ጥቂት የጥንቃቄ ነገሮች አሉ። የአስተዳዳሪው የቃል ፈቃድ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አስተዳዳሪ ይቀየራልና ውሳኔው በሰበካ ጉባኤው ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር። ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ በቤተ ክርስቲያኒቱ መተዳደሪያ ደንብ በቃለ ዓዋዲ የተቋቋመው ሰበካ ጉባኤ ካህናትን፣ ምእመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን በአንድ ያስቀመጠው እንዲህ ላለው ጉዳይ ጭምር ነው። ካሜራ ይዞ ወደ መቅደስ መጠጋት፣ ድርገት ሲወርድ፣ ማለትም ካህናቱ ሊያቆርቡ ሲወጡ፣ ቆራቢዎችን መቅረጽ፣ በጠበል ቦታ ሕሙማንን ማንሣት ፈጽሞ አይፈቀድ። የሕፃናትን ፊት ያለ ወላጅ ፈቃድ አታውጡ፤ የአገሪቱ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ስላለ ነገሩ የትሕትና ብቻ ሳይሆን የሕግም ጉዳይ ሆኗል። ገጹና ቻናሉ በአንድ ወጣት የግል ስልክ ቁጥር አይከፈት፤ የማውቀው አንድ ደብር ገጹን የከፈተው ልጅ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ የይለፍ ቃሉም አብሮት ሄዶ የሁለት ዓመት ስብከት መድረሻው ጠፍቷል። ለደብሩ የተመዘገበ ቁጥር ይኑር፣ የይለፍ ቃሉም ቢያንስ በሁለት ሰው እጅ ይሁን። በስብከቱ ስር ስለ ገንዘብ የሚጻፍ ማናቸውም ነገር የደብሩን የባንክ ሒሳብ ብቻ ይጥቀስ፤ ገቢውም በደብሩ ደረሰኝ ይቆረጥለት፤ የስርጭት ክፍሉ ገንዘብ አይንካ።

ስለ ካሜራው፣ ለተወላጆቹ ዛሬውኑ ጻፉላቸውና ግዢውን አስቁሙ። በእርሱ ፈንታ ሁለት በልብስ ላይ የሚሰኩ ማይኮች፣ ሰፊ ማስቀመጫ ያለው አንድ ስልክ፣ የስልክ ማቆሚያና ፓወር ባንክ ይላኩ፤ ዋጋው ከካሜራው በብዙ ያንሳል፤ የተረፈው ለተሻለ ሞንታርቦ ቢውል ደግሞ ደጅ የቆመውም ሕዝብ ይጠቀማል። ካሜራ ቢገዛም ሌንሱን የሚያጸዳ፣ ገመዱን የሚያውቅ፣ ሲበላሽ የሚጠግን ሰው አብሮት አይላክም።

ቀጥታ ስርጭት ለዘወትር የተዘጋ በር ነው አላልሁም። ሦስት ወር ሙሉ፣ ማለትም 13 እሑዶች፣ አንድም ሳምንት ሳይቋረጥ ቅጂው በሰዓቱ ከተላከና አራቱ ተጠባባቂዎች አሁንም ተጠባባቂ ሆነው ከተገኙ፣ ያን ጊዜ ከእነርሱ ሁለቱን ለካሜራና ለክትትል አሠልጥናችሁ ስብከቱን ብቻ ሞክሩ። ጥያቄ መሰብሰቡን ለጊዜው ክትትል የያዘው ሰው ይደርበው። በዩቲዩብ ከስልክ በቀጥታ ለማስተላለፍ ቻናሉ ቢያንስ 50 ተከታዮች ሊኖሩት ይገባል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈቀድም እስከ 24 ሰዓት ያስጠብቃል፤ ስለዚህ ቅዳሜ ማታ አትጀምሩት። ሙከራውን በዓመታዊው በዓል ቀን አታድርጉ፤ በዚያ ቀን በር ላይ የሚቆመው ሰው ስምንትም ላይበቃ ይችላልና ተጠባባቂዎቹ ሁሉ ወደዚያ ይሂዱ። ከተወላጆቹ መካከል ቅዳሴውን ካላሳያችሁን የሚሉ ቢኖሩ ደግሞ ንግሡ የሚውልበትን ቀን አስቀድማችሁ ጻፉላቸውና መጥተው ያስቀድሱ።